ኒኮላይ ቫቪሎቭና የደጋው እህል ታሪክ

መግቢያ

የጥንት ሰዎችን አኗኗር ከዕፅዋት ቅሪት ማጥናት፣ ማለትም አርኪዮቦታኒ የሚባለው የጥናት ዘርፍ፣ በትምህርት ክፍላችን በተነሳ ቁጥር ከተማሪው መካከል የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የተገኙት እኛ አገር ነው ወይስ ከውጭ የመጡ ናቸው? ክርክሩ ሲጋጋል የእኛ ናቸው የሚለው ወገን እንደ ምስክር የሚጠራው ስም ሁልጊዜ አንድ ነው። እሱም የሩሲያዊው ሊቅ የኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ስም ነው። ታዲያ ስማቸውን እንዲህ እየጠራን ሕይወታቸውን ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እኔ ዳባት ተወልጄ ያደግሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1927) ከጎንደር ወደ አክሱም ተጉዘዋል። የጥንቱ የነጋዴ መንገድ ደግሞ ከጎንደር ተነስቶ ወገራን አቋርጦ በዳባትና በደባርቅ ያልፍና ሊማሊሞን ወርዶ በአዲአርቃይ በኩል ወደ ተከዜ ይዘልቃል። እሳቸው ዓለምን ዞረው የፈለጉት ነገር እኛ በየቀኑ የምናየው ነው፤ አውድማ፣ ጎታ፣ የእህል ዘር። ስለሆነም የእሳቸው ታሪክ ለሰሜን ተራራ ግርጌ ልጆች የሩቅ ሰው ታሪክ አይመስለኝም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በቁጥር የተጻፉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ፤ ዓ.ም. የተባለው ግን በእኛ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ቫቪሎቭ የተወለዱት ኅዳር 1887 ሞስኮ ውስጥ ነው። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው በጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆነው በ1945 የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ይህ የሁለት ወንድማማቾች ነገር በኋላ የሚያሳዝን ትርጉም ስለሚኖረው አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ቫቪሎቭ በሞስኮ የእርሻ ኢንስቲትዩት ተማሩ። ከዚያም በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው የዘር ውርስ ሳይንስን ከመሠረቱት አንዱ ከሆኑት ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ሠሩ። በዚያን ጊዜ ሩሲያ በየጊዜው ረሃብ የሚመላለስባት አገር ነበረች። ቫቪሎቭም ሳይንስን የያዙት ለስም ሳይሆን ለዚህ ችግር መፍትሔ ለመፈለግ ነበር። ድርቅን የሚችል፣ ውርጭን የሚችል፣ ዋግን የሚቋቋም ዘር ከየት ይገኛል? ሐሳባቸው ቀላል ነው። አንድ ሰብል በጣም ብዙ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበትን አገር ፈልግ፣ የምትሻው ጠባይ ከዚያ ውስጥ አይጠፋም የሚል ነው።

በ1916 ወደ ፋርስና ወደ ፓሚር ተራሮች ተጓዙ። እዚያ ከስንዴ ማሳ ውስጥ ራይ የሚባለው እህል እንደ አረም በቅሎ አዩ። ወደ ላይ ወደ ብርዱ በወጡ ቁጥር ስንዴው እየሳሳ ራዩ እየበዛ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ገበሬው ራዩን ራሱን ዘርቶ ሲያጭድ አገኙት። ከዚህ ተነስተው አንዳንድ ሰብሎች በዋናው ሰብል ውስጥ እንደ አረም ኖረው ኋላ ራሳቸውን የቻሉ ሰብሎች ሆኑ አሉ።

እኛ ዘንድ ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሲናርን አስቡ። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገብስ ማሳ ውስጥ ሲናር አይጠፋም። ከገብሱ ጋር ይበቅላል፣ አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል። አያቴ ለዘር የሚሆነውን ገብስ ስትለቅም እንክርዳዱን አውጥታ ትጥላለች፤ ሲናሩን ግን እስከዚህም አትጨነቅበትም። ክፉ ዓመት ሲመጣ እሱም እህል ነው ትላለች። ሲናር አረም ነው ወይስ ሰብል? ቫቪሎቭ ቢጠየቁ ኖሮ በመንገድ ላይ ያለ ነው የሚሉ ይመስለኛል።

የመፍለቂያ ማዕከላት ሐሳብ

በ1920 በሳራቶቭ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ቫቪሎቭ የተቀራረቡ ዕፅዋት ተመሳሳይ የሆኑ የልዩነት ረድፎችን ያሳያሉ የሚለውን ሕጋቸውን አቀረቡ። ምን ለማለት ነው? በአንዱ የስንዴ ዝርያ ዛላው ጢም ያለውም ጢም የሌለውም ዓይነት ከተገኘ፣ በዘመዱ በሌላው ዝርያም ሁለቱም ዓይነት ሊኖሩ ይገባል፤ ካልታየም ገና አልተፈለገም ማለት ነው። በ1921 ወደ ፔትሮግራድ ተዛውረው የዕፅዋት ምርምር ተቋሙን መምራት ጀመሩ። በ1926 ደግሞ ስለ ሰብሎች መፍለቂያ ማዕከላት የጻፉት ሥራ ታተመ። ይህም አንድ ሰብል በብዙ ዓይነት የሚታይበት ቦታ ያ ሰብል መጀመሪያ የለማበት ቦታ ነው ብሎ የሚነሳ ሐሳብ ነው። በ1935 ማዕከላቱን ስምንት አድርገው ሲዘረዝሩ አንዱ አቢሲኒያ፣ የእኛው ደጋ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ

ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በጅቡቲ በኩል ነው። ያኔ ዙፋኑ የንግሥት ዘውዲቱ ሆኖ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ። ራስ ተፈሪም ተቀብለዋቸው ስለ ሩሲያና ስለ አብዮቱ ብዙ እንደጠየቋቸው ቫቪሎቭ በጉዞ ትዝታቸው ጽፈዋል። ፈቃድ ካገኙ በኋላ ቅፍለት አዘጋጅተው ወደ ሰሜን ተነሱ። ጎንደርን አልፈው አክሱም ደረሱ፣ ከዚያም ወደ አስመራ ወጡ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሰበሰቡት ናሙና 6,000 ገደማ ነበር።

በማሳው ያዩት ነገር እጅግ አስገረማቸው። አውሮፓ ውስጥ አንድ ማሳ አንድ ዓይነት ስንዴ ነው። እዚህ ግን ነጩ፣ ቀዩ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ፍሬ፣ ጢማሙና ጢም የለሹ በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ተደባልቀው ቆመዋል። ጢም የሌለው ጠንካራ ስንዴ ይኖራል ብለው በሕጋቸው ተንብየው ነበርና እሱንም እዚሁ አገር አገኙት። ተልባን ሌላው ዓለም ለጨርቅ ክርና ለዘይት ሲያለማው የኢትዮጵያ ገበሬ ግን ፍሬውን ለምግብ እንደሚያለማው ልብ አሉ። ጤፍ፣ ኑግ፣ ዳጉሳ፣ ሽምብራ፣ ምስር ሁሉ በመዝገባቸው ገባ። በ1931 ስለ አቢሲኒያ ስንዴዎች ለብቻው ጥናት አሳተሙ። ከዚህ ሁሉ በመነሳት የኢትዮጵያ ደጋ የጠንካራ ስንዴና የገብስ መፍለቂያ ነው ወደሚለው መደምደሚያ ደረሱ። እንግዲህ በክርክራችን የምንጠቅሰው ይህን ነው።

ከከሰለ ፍሬ የሚነበብ ታሪክ

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ማየት አለብን። ቫቪሎቭ ያጠኑት በሕይወት ያለውን፣ ማሳ ላይ የቆመውን እህል ነው። የዛሬው እህል ዛሬ ምን ያህል ዓይነት እንዳለ ይነግረናል እንጂ መቼ እንደመጣ በቀጥታ አይነግረንም። ጊዜን የሚናገረው ሌላ ምስክር ነው፤ ከምድጃ አጠገብ ያረረ ፍሬ።

አሠራሩ ቀላል ነው። እሳት የነካው እህል ፈጽሞ አመድ ካልሆነ ይከስላል። የከሰለ ፍሬ አይበሰብስም፣ ነቀዝም አይበላውም፤ መልኩን እንደያዘ ሺህ ዓመታት አፈር ውስጥ ይቆያል። ቆፋሪዎች ከጥንቱ ወለል አፈሩን ወስደው ውኃ ውስጥ ይበጠብጡታል። ከሰሉ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ በደቃቅ ወንፊትም ይጠለላል። ከዚያ ደርቆ በማይክሮስኮፕ ይለያል። ፍሬው ራሱ በካርቦን ዘዴ ዕድሜው ሊለካ ይችላል።

ይህ ዘዴ የራሱ አድልዎ እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም። የእኛን ጓዳ ያየ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ገብስ ለቆሎ ይታመሳል፣ ለበሶ ይቆላል፣ እህሉ ከእሳት ጋር ብዙ ይገናኛል፤ ስለዚህ ተፈናጥሮ ምድጃ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ጤፍ ግን በአብዛኛው ሳይቆላ ተፈጭቶ ይቦካል። ፍሬውም ደቃቅ ስለሆነ ወንፊቱ በጣም ጠባብ ካልሆነ ያመልጣል። ስለዚህ በአንድ ቁፋሮ ገብስ ተገኝቶ ጤፍ ቢጠፋ ያን ጊዜ ጤፍ አይበላም ነበር ማለት አይደለም።

ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው የታወቀ ቁፋሮ ጆአን ዶምብሮውስኪ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባሉ ዋሻዎች ያካሄዱት ነው። ከእነዚህ አንዱ የላሊበላ ዋሻ ይባላል፤ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ካሉበት ከተማ ጋር አይምታታብን። እዚያ ገብስ፣ ሽምብራና ሌሎች ጥራጥሬዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት አካባቢ ተገምቷል። በአክሱም በ1990ዎቹ በተደረገው ቁፋሮ ደግሞ አጃ፣ ገብስ፣ ጤፍና ተልባ ከአፈር ወጥተዋል። እዚህ ላይ አጃ የምለው ዛሬ በከተማ ሱቅ በእሽግ የሚሸጠውን ሳይሆን የደጋ ገበሬ አጃ የሚለውን፣ ገለባውን በቀላሉ የማይለቀውን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ነው።

ከሰሜን ተራሮች ወደ ምዕራብ ቁልቁል፣ በምሥራቅ ሱዳን ከከሰላ አካባቢ፣ የተገኘው ማስረጃ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ የጥንት ሸክላ ሠሪዎች ጭቃውን ከማሽላ ገለባ ጋር አቡክተውት ነበር፤ እኛ ለግድግዳ ጭቃን ከጭድ ጋር እንደምናቦካው ማለት ነው። ገለባው ቢጠፋም አሻራው በሸክላው ላይ ቀርቷል። ከዚያ አሻራ ከ5,000 ዓመታት በፊት ገደማ ማሽላ መላመድ መጀመሩ ታውቋል።

ጥንቃቄን የሚያስተምሩ ታሪኮችም አሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን አንድ ኦስትሪያዊ ሊቅ በግብፅ በዳህሹር ፒራሚድ ጡብ ውስጥ የጤፍ ፍሬ አገኘሁ ብለው ነበር። በኋላ የመጡ አጥኚዎች ግን ጤፍ ሳይሆን የጤፍ ዘመድ የሆነ የዱር ሣር ነው ብለው አልተቀበሉትም። በአክሱም አጠገብ በጎበድራ የዳጉሳ ፍሬ በጥንታዊ ንጣፍ ውስጥ ተገኝቶ ብዙ ሺህ ዓመት ተገምቶለት ነበር። ፍሬው ራሱ ሲለካ ግን ዕድሜው ከተገመተው በብዙ ሺህ ዓመታት አነሰ፤ ከላይ ካለው ንጣፍ ወደ ታች የገባ ነበር።

ታዲያ የስንዴውና የገብሱ ጥያቄ እንዴት ተፈታ? የዱር ገብስና የአጃ የዱር አባት የሚበቅሉት ከኢራቅ እስከ ሶሪያና እስራኤል ባለው ለም ግማሽ ጨረቃ በሚባለው ምድር ነው። ከ10,000 ዓመታት በፊት ገደማ የከሰሉ ፍሬዎችም የተገኙት ከዚያው ነው። ስለሆነም ስንዴና ገብስ ወደ እኛ የመጡ እንግዶች ናቸው። በአንጻሩ ጤፍና ኑግ የዱር ዘመዶቻቸው እዚሁ አሉ። በየማሳው ዳር ቢጫ አበባ የሚያወጣው ሜጭ የኑግ የሥጋ ዘመድ ነው። እንሰትና ቡናም እንዲሁ የእኛ ናቸው።

ቫቪሎቭን በዚህ ነጥብ ካረሙት አንዱ አሜሪካዊው ጃክ ሃርላን ናቸው። የእሳቸው አባት ሃሪ ሃርላን የገብስ ሊቅ ነበሩ፤ በ1923 ኢትዮጵያ መጥተው ገብስ ሰብስበዋል። ቫቪሎቭ የአባትየው ወዳጅ ስለነበሩ ወደ ቤታቸው ይመጡ ነበር፤ ልጁ ጃክም ሲያድግ ከቫቪሎቭ ዘንድ ሄዶ የመማር ምኞት ነበረው። ፖለቲካው ግን አልፈቀደም። ያ ልጅ አድጎ በ1969 ኢትዮጵያ የብዝኃነት ማዕከል ናት የሚል ጽሑፍ አወጣ። ብዙ ዓይነት የሚታይበትና መጀመሪያ የለማበት ቦታ የግድ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ይህ እርማት ለእኛ ውርደት ነውን? በእኔ አስተያየት በፍጹም አይደለም፤ እንዲያውም ክብሩ ይበልጣል። አንድ ሰብል ከአገራችን በቀለ ማለት የተፈጥሮ ዕድል ነው። በጥቂት ከረጢት የመጣውን የእንግዳ ገብስ ለውርጩ፣ ለዝናቡ፣ ለጠላው፣ ለበሶው፣ ለቆላውና ለደጋው እየለዩ መቶ ዓይነት ማድረግ ግን የሰው ሥራ ነው። ያን ያደረጉት ስማቸው ያልተጻፈ ገበሬዎችና ዘር ለቃሚ እናቶች ናቸው። የእኛ ገብስ ከኢትዮጵያ ወጥቶ በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳን ያጠቃ የነበረውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ዘረመል ሰጥቷል። ይህን ዘረመል አፈሩ ብቻውን አልጠበቀውም፤ በየዓመቱ ዘር ሲለቀም የኖረው እጅ ነው የጠበቀው።

እስርና ሞት

ቫቪሎቭ እንዲህ በዝና ሳሉ በአገራቸው ውስጥ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ገነነ። ሊሴንኮ የዘር ውርስን ሳይንስ ይክድ ነበር፤ ዘርን በአያያዝ ብቻ በአጭር ጊዜ እለውጣለሁ ይል ነበር። በጋራ እርሻ ማኅበራት ምስቅልቅልና በረሃብ የተወጠረው የስታሊን መንግሥት ደግሞ ፈጣን ተስፋ የሚሰጠውን ሰው ወደደ። የቫቪሎቭ ሥራ በባሕርዩ ዓመታት የሚፈልግ ነው። መስበሰብ፣ መዝራት፣ ማወዳደር፣ እንደገና መዝራት ይጠይቃል። ይህ ትዕግሥት እንደ አሻጥር ተቆጠረባቸው።

ነሐሴ 6 ቀን 1940 (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ዩክሬን በቼርኖቪትስ አካባቢ ዘር እየሰበሰቡ ሳለ ተያዙ። ባልደረቦቻቸው ከረጢታቸውን ሲፈቱ ያን ዕለት የሰበሰቡትን፣ እንደ እኛ አጃ ገለባውን በቀላሉ የማይለቅ ጥንታዊ ስንዴ አገኙበት። በሰላይነትና በአሻጥር ተከሰው በሐምሌ 1941 ሞት ተፈረደባቸው። በኋላ ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ቢቀየርም አልጠቀማቸውም። ጥር 26 ቀን 1943 (እ.ኤ.አ.) በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎድተው ሞቱ። ሕጋቸውን ለጉባኤ ያቀረቡት በዚያችው በሳራቶቭ ነበር። ሰውን ሁሉ ከረሃብ ለማዳን ዘር ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው በረሃብ አለቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድማቸው ሰርጌይ የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ተደረጉ፤ ወንድሙን የገደለውን መንግሥት ማገልገል ምን ዓይነት ሸክም እንደሆነ ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ። የቫቪሎቭ ፍርድ የተሰረዘው በ1955 ነው።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ከበባው ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 (እ.ኤ.አ.) ዘለቀ። የቫቪሎቭ ተቋም ሠራተኞች ሩዙ፣ ስንዴው፣ ኦቾሎኒው በዙሪያቸው እያለ ሳይበሉት ብዙዎቹ በረሃብ ሞቱ። የሩዝ ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ከሞቱት አንዱ ነበሩ። ከኢትዮጵያ የሄደውም ዘር የዚሁ ስብስብ ክፍል ነበር።

ይህን ለአያቴ ስተርክላት ብዙ አልተደነቀችም። የዘር እህል አይበላም፤ ሰው ቢራብም ዘሩን ከጎታው ግርጌ ሸሽጎ ይለምናል እንጂ አይነካውም አለችኝ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ግን ብዙ ገበሬ ዘሩን ጭምር ለመብላት ተገዷል። በዚያ ዘመን በዶክተር መላኩ ወረደ ይመራ የነበረውና በ1976 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የአዲስ አበባው የዘር ባንክ የገበሬውን ዘር እየዞረ ከጥፋት ለማዳን ብዙ ደክሟል። መላኩ ወረደ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ከቫቪሎቭ ሕይወት የምንማረው ኢትዮጵያ የስንዴ አገር ናት የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር መሸምደድ አይደለም። እሳቸው በአንድ ነጥብ ቢሳሳቱም ስህተታቸው የሚታረምበትን ማስረጃ ራሳቸው ሰብስበው፣ መዝግበው፣ የተገኘበትን ቦታ ጽፈው ትተውልናል። ሊሴንኮ ግን የሚታረምበትን መንገድ ሁሉ ዘጋ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ አንዱ ልዩነት ደግሞ የሰው ሕይወት አስከፍሏል።

ለእኛ ለዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ሥራው ደጃችን ላይ ነው። በሰሜን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 (እ.ኤ.አ.) ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ገብስ ሲዘራበት የኖረ ደጋ፣ ምድጃና የአመድ ጉድባ እዚያ ቀርቷል። የገብሱን ስም፣ የትኛው ለጠላ የትኛው ለበሶ እንደሚሆን የሚያውቁት ሰዎች ግን አሁን ከተማው ዳር ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። አፈሩ ይጠብቀናል፣ እነሱ ግን አይጠብቁንም። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ጓደኛዬ ሁሉ ደብተሩን ይዞ መጀመሪያ ወደ እነዚህ እናቶችና አባቶች ቢሄድ፣ የእያንዳንዱን ዘር ስምና ጥቅም ቢጽፍ፣ ከእያንዳንዱም እፍኝ ፍሬ አክስሎ ለማነጻጸሪያ ቢያስቀምጥ መልካም ነው እላለሁ። አንድ ቀን ከጥንት ምድጃ የወጣ ፍሬ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲቀመጥ ምን እንደሆነ ሊለይ የሚችለው ከዚያ እፍኝ ጋር ተነጻጽሮ ነው።